ሳሁራ ዛሬ አትገባም

— ሄሎ?... ሄሎ!... ማን ልበል?... ኑሁ! አንተ የአህያ ሥጋ ነጋዴ! ገና አልታሰርክም እንዴ?... አዎ ሃብሱ ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል ስልኬን የሚያነሳው... ምን?... ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ከግድግዳው ራቅ በል እስቲ... እ፣ አሁን ሰማሁህ። ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። አንተን የመሰለ የአጎት ልጅ እያለኝ ጠላት ምን ይሠራልኛል!... ሂድ ወዲያ! እኔ ነኝ ያረጀሁት? የእኔ ጥርስ ያንን ቋንጣ ብለህ የምትሸጠውን የጫማ ቆዳ ሁሉ ይቆረጥማል!

— ቆየኝ አንዴ፣ እንዳትዘጋው። — አንቺ ካንዴ፣ የነገውን ቀዶ ጥገና ነገርኩሽ እኮ የኔ እህት። አያስተኙሽም። ጀርባሽ ላይ አንዲት መርፌ ይወጉሻል፣ ከወገብሽ በታች ይደነዝዛል፣ እግርሽ የሌላ ሰው እግር ይመስልሻል። ሲያወሩ ትሰሚያቸዋለሽ፣ ዶክተር ሃሩና ደግሞ ወሬ ይወዳል፤ ስለ ጎረቤቱ ፍየል ያወራልሻል። ስትወጪ የሽንት ቱቦ ይኖርሻል፣ እሱን እንዳትነኪው፣ ውሃ ብቻ ጠጪ፣ ጠጪ፣ ጠጪ። በቃ ይኸው ነው። አሁን ገንፎሽን ብዪ።

— አንተን አይደለም ኑሁ። እዚህ ክፍል ነገ የምትሠራ ካንዴ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ከጠዋት ጀምራ ያንኑ ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው። ያው የአንተዋ ሳሁራ እንደሆነችው... እሺ፣ ለምን ደወልክ? ያለ ጉዳይ አትደውልም አንተ፣ ንፉግ።

— ምን አልክ?... ድገመው እስቲ... የምን ከበሮ ነው ከጀርባህ የምሰማው?... ለማን?... ለሳሁራ?

— ወዴት ነው የምትገባው?... ኑሁ፣ ሳቅህን አቁምና አስረዳኝ። ሚስትህ ሳሁራ ዛሬ ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ፣ በከበሮ ወደ አንተ ክፍል ልትገባ ነው። ያልከኝ እሱን ነው?... ሂናም ቀቧት?... እናትህ ናት ያዘጋጀችው?... አላህ ይስጣት፣ ክፉ አላሰበችም፣ ግን... ግን ኑሁ፣ ልጅቷ ከተሠራች እኮ ገና ወር አልሞላትም!

— ደህና መሆኗንማ አውቃለሁ! እኔ አይደለሁም እንዴ አልጋዋ ስር የተኛሁት? ቱቦው የወጣ ዕለት ፊኛዋን በሰማያዊ ውሃ ሞልተው፣ ያፈስ እንደሆነ ሊያዩ ነጭ ጥጥ ከትተው፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ ሲወጣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ደረቅ ናት፣ እሺ። ሁለት ዓመት ሽንቷ በእግሯ ላይ ሲወርድ ከርሞ ዛሬ ልብሷ ደረቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ገባኝ። አንተም ደስ ብሎሃል። ሌላው ቢሆን በሳምንቱ ይፈታት ነበር፣ አንተ ጠብቀሃታል፣ ይህን ማንም አይክድህም... ግን ስማኝ። ልትወስዳት የመጣህ ዕለት፣ እዚህ በሩ ላይ፣ ምን ብዬህ ነበር?

— አዎ። "ሦስት ወር ሳይሞላት ከነካሃት ቆርጬ ቋንጣ አደርገዋለሁ" ብዬሃለሁ... አዎ፣ ሳቅክ። ሹፌሩም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አዎ... ኑሁ፣ ቀልድ አልነበረም።

— ቋንጣው ነው ቀልዱ! ሦስት ወሩ እውነት ነው!... አትሳቅ እንጂ!... አትሳቅ እባክህ፣ ወላሂ እውነቴን ነው... ምን ማለት ነው "አንቺ ደግሞ መቼ እውነት አውርተሽ ታውቂያለሽ"?

— ምን?... እኔ ቀናሁ? እኔ በሳሁራ?... "ልታገቢኝ ፈልገሽ ነው"! አይ ጉድ! በአንተ ከቀናሁስ ዓይኔ ይጥፋ። ኑሁ፣ በአላህ ስም፣ አሁን ለቀልድ ጊዜ የለንም።

— ሱብሃነላህ። ምን አደረግሁ እኔ... ልብ ብለህ ስማ። ያን ዕለት ማን ይንገርህ? ዶክተሩ እንግዳ ወንድ ነው፣ ስለ ሚስትህ ገላ ፊት ለፊት አያወራህም፣ አንተም ቆመህ አትሰማውም። አማችህ ከመኪናው አጠገብ ቆመው ነበር። ሳሁራ እንደሆነች ስምህን እንኳ ከአፏ አውጥታ አትጠራም። ሲስተር ዙለይሃ ጨነቃት። "የአክስቱ ልጅ አይደለሽ? የቀልድ ዘመዱ ነሽ፣ ሰው የሚያፍርበትን አንቺ ትይዋለሽ" ብላ መልእክቱን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔስ ከአንተ ጋር የማወራበት ሌላ አፍ አለኝ? አባትህና እናቴ ወንድምና እህት ስለሆኑ ከልጅነታችን ጀምሮ በስድብ ነው የምንነጋገረው፣ እንደዚያው ነው የተሰጠን። በስድብ ጠቅልዬ ነገርኩህ። አንተ ስድቡን ይዘህ ሄድክ፣ ነገሩን እዚሁ በሩ ላይ ጥለኸው።

— አሁንም ትስቃለህ?... እሺ እምላለሁ። በአባቴ መቃብር... ምን?... አዎ። አዎ፣ ጭንቅላትህ ዱባ ነው ብዬም በአባቴ መቃብር ምያለሁ። በግመልህ፣ በበግህ፣ በሠርግህ ቀን በለበስከው ጫማም ምያለሁ። ልክ ነህ። መሐላውን ሁሉ ለቀልድ ጨርሼዋለሁ። አሁን በምን ልማልልህ?

— ካንዴ! ተነሽ እስቲ፣ ሲስተር ዙለይሃን ጥሪልኝ! በቶሎ!... ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች? ዶክተሩም?... መቼ ይወጣሉ?... አላህ!... እሺ ተይው፣ ተቀመጪ።

— ኑሁ፣ ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ሥጋ ሻጭ ነህ አይደል? ሌላ ሌላው ይቅር፣ ሥጋ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ስታምጥ ልጁ አልወጣ ብሎ ሦስት ቀን ሲጫናት የውስጥ ሥጋዋ ሞተ። ልጁም ሞተ፣ ነፍሱን ይማር። ዶክተሩ የሽንት ፊኛዋ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ብቻ አይደለም የደፈነላት። የሴትነቷ መንገድ በጠባሳ ተዘግቶ ነበር፣ ጣት አያስገባም ነበር። እሱን ከፈተው፣ ከዚያ ከጎን ከራሷ ሥጋ ወስዶ፣ ደሙ ሳይቋረጥ አዙሮ፣ አዲስ መንገድ ሠራላት። በግ ስትገፍፍ ሆዱ ላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ታውቃታለህ? ቢላህ ነካ ሲያደርጋት የምትተረተረዋን?... አዎ፣ እሷን። ሳሁራ ውስጥ አሁን ያለችው እንደሷ ያለች ናት፣ በክር ተያይዛ። ከላይ ደረቀች ማለት ከውስጥ ጠገገች ማለት አይደለም። ዛሬ ማታ ከነካሃት ትተረተራለች።

— ሳቅህን አቆምክ። እሰየው፣ ዝም በል... ምን? "ቀስ ብዬስ?" ቀስ ብሎ የለም ኑሁ! ቀስ ብሎ የሚባል ነገር የለም!

— ቆይ፣ ምን አልክ? የምን ውሃ?... የት ነው የተጣደው?... ኡኡ! ኑሁ፣ ያንን ውሃ ድፋው! እናትህ የአራስ እጥበት ልታጥባት ነው እኮ! በዚያ በሚንተከተክ ውሃ፣ ቅጠል እየነከረች እየገረፈች፣ እንፋሎቱ ላይ እግሯን አስከፍታ አስቀምጣ! እሱ ለአራስ ነው። ለአራስም ቢሆን... ይሁን፣ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ሳሁራ አራስ አይደለችም፣ የተሰፋች ሰው ናት። እዚያ ላይ ካስቀመጧት ክሩ ይለቃል፣ ሥጋው ይቀቀላል።

— ምን አልክ?... "እናቴ ስንቱን አጥባለች"... ታጥባ። ስንቷስ ዳነች? ጠይቃት።

— "ተይ እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ለግብዣው ነይ ልልሽ ነው የደወልኩት"... አትዝጋው! ኑሁ! ከዘጋኸው እስከ ዕለተ ሞቴ አላናግርህም!... እሱንም ስንት ጊዜ ብዬሃለሁ፣ አውቃለሁ። አትዝጋው ብቻ። አንዲት ነገር ልንገርህ። ከዚያ ካልፈለግህ ዝጋው።

— እናንተ የክፍሉ ልጆች፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ... ወይም ተዉት፣ ስሙ። ለእናንተም ነው።

— ኑሁ። በሠርግህ ዕለት ቀኑን ሙሉ ቆሜ እንደዋልኩ ትዝ ይልሃል? "ሃብሱን ጉንዳን ነክሷታል፣ እንደ አህያ ቆማ ነው የምትበላው" ብለህ ሰውን ሁሉ አስቀህብኛል። እኔም ስቄያለሁ። እናትህ ምንጣፍ አንጥፋ "ተቀመጪ ልጄ" እያለች ለመነችኝ። አልተቀመጥኩም። በለቅሶውም፣ በሕፃናቱ ስም ማውጫም፣ በኢዱም ተቀምጬ አይተኸኝ ታውቃለህ?... ለምን ይመስልሃል?

— አይደለም። ጉንዳን አይደለም... ከተቀመጥኩ ምንጣፉ ስለሚርስ ነው።

— አሁንም። አሁን ይሄን ስልክ ይዤ፣ የአልጋውን ብረት ተደግፌ ቆሜ፣ በእግሬ ላይ እየወረደ ነው። ሽቶውን ለምን እንደምደፋው አሁን ገባህ? "የሃብሱ ሽቶ ከእሷ ቀድሞ ይገባል" እያልክ የምትቀልድበትን?

— አይ ኑሁ። ቀልድ አይደለም... አይደለም... ድምፄ ቀልድ ይመስላል?

— አዎ ተሠርቻለሁ። እዚሁ ነው የተሠራሁት፣ አንተ ገና ሳታገባ። ይድናል አሉ፣ ዳነም። ደርቄ ወጣሁ። ልክ እንደ ሳሁራ! አዲስ ልብስ ተገዛልኝ፣ ከበሮ ተመታልኝ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያ ሰውዬ... ስሙን አልጠራም፣ አንተ ታውቀዋለህ... እሱም ክፉ ሰው አልነበረም። ናፍቄው ነበር። እኔም ናፍቆኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ! ያን ሁሉ ዘመን ሰው ወደ እኔ ሲመጣ አፍንጫውን ሲይዝብኝ ነው የኖርኩት፣ እሱ ግን አንገቴን አሸተተና "ሃብሱ፣ ሸተትሽኝ እኮ፣ ሳሙና ሳሙና" አለኝ። ነርሷ ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ። በዚያ ሌሊት እንዴት ብሎ ነው አፍ የሚከፈተው?... ጎህ ሳይቀድ ፍራሹን እኔው ተሸክሜ ወደ ጓሮ አወጣሁት።

— ሁለተኛ ሠሩኝ። ሦስተኛም ሠሩኝ። ከዚያ ወዲያ ሥጋው ሁሉ ጠባሳ ሆነ። በመጨረሻ የድሮው ዶክተር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና "ሃብሱ፣ ክር የሚይዝልኝ ሥጋ አጣሁብሽ" አለኝ፣ እሱም ዕንባው መጣ። እዚህ የቀረሁት ለዚህ ነው። እናንተ "ሃብሱ ዚንደር ከተማ ሆስፒታል ሥራ ይዛለች" ትላላችሁ፣ ደግ፣ ይባል። ወዴት እሄዳለሁ? እዚህ ማንም አፍንጫውን አይዝብኝም።

— ... ሄሎ?... ኑሁ?... አለህ?... ሄሎ?

— አለህ። ትንፋሽህን እሰማዋለሁ... አታልቅስ እንግዲህ። አንተ ካለቀስክ እኔን ማን ይሰድበኛል... ለምጄዋለሁ፣ አትዘንልኝ... አይ፣ ውሸቴን ነው። አልለመድኩትም። እሱ አይለመድም።

— አሁን አመንከኝ?... አመንከኝ። አላህ ዕድሜ ይስጥህ። በል ሂድና አስቁማቸው!... እንዴት አትችልም?

— አዎ... አዎ፣ እሱም አለ። እናትህን "ዛሬ ከሚስቴ ጋር አልተኛም" ብለህ ፊቷ ላይ ልትናገር አትችልም። አማቶችህም ግቢው ውስጥ ናቸው?... አጎቶቿም?... ያ አላህ። አንተ ብትደፍር እነሱ ያፍራሉ፣ ጆሯቸውን ይዘው ይወጣሉ... የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገህ እኔ ልናገር?... ምን ይጠቅማል ኑሁ። አንተ የሳቅክብኝን እነሱም ይስቁብኛል። የቀልድ ዘመዱ ደወለች ይላሉ፣ አዝማሪው ከአፌ ተቀብሎ ግጥም ያደርገዋል። ለአንተ ያልኩትን ለእነሱ ሁሉ ልድገመው? አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው እሱ፣ ሁለተኛ አቅም የለኝም።

— "አሟታል" በል! ሆዷን አሟታል በል!... እ... እ... አይ፣ እውነትህን ነው። "እንደገና ጀመራት" ይላሉ። አልዳነችም ይባላል፣ በዚያው ወደነበረችበት የአባቷ ጓሮ ጎጆ ይመልሷታል፣ አንተንም ነገ ሌላ አግባ ብለው ይይዙሃል። አይሆንም። እሷ ላይ አይደረግም።

— ታዲያ ምን ይሻላል? ጀንበሯስ?... እየጠለቀች ነው። ሰዎች ይጠሩሃል አይደል? ይሰማኛል... ሐኪም ከልክሏል ብትልስ?... "ሐኪም መኝታ ቤት ምን አገባው"፣ አዎ፣ እናትህ እንደዚያ ነው የምትለው። ነገ ሲስተርን ይዤ በመኪና ልምጣ ይሆን? ዛሬ ካለፈ ግን ምን ዋጋ አለው...

— ካንዴ፣ አታልቅሺብኝ፣ ምንም አልሰማም!

— ምን?... ኑሁ፣ ምን አልክ?... በራስህ ላይ?

— ቆይ። ታውቀዋለህ ግን የምትለውን? ወጥተህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ችግሩ ከእኔ ነው፣ ወንድነቴ ደክሟል፣ መድኃኒት ይዣለሁ፣ ሦስት ወር ክፍሌ ሴት እንዳትገባ ተብያለሁ፣ የእኔ መድኃኒት እንዳይረክስ እሷም ሙቅ ውሃ አትንካ" ልትል? አማቶችህ እየሰሙ? ኑሁ፣ አንተ እኮ ገበያ መሐል ነው የምትውለው! ሥጋ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? ስምህን ይቀይሩልሃል። ስትሞት እንኳ በዚያ ስም ነው የሚቀብሩህ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰደብኩህ ቢደመር እዚያ አይደርስም።

— ... እርግጠኛ ነህ?... እናትህስ? ትሞታለች በሐፍረት... እ... "ሁለት ዓመት እሷን ሲስቁባት ነበር፣ አሁን ተራው የእኔ ነው።" እንደሱ ነው ያልከው?... ኑሁ... እሺ። ሂድ። ሂድ እንግዲህ የኔ ወንድም። ስልኩን እንዳትዘጋው፣ እንደተከፈተ ደረትህ ኪስ ውስጥ ክተተው። ልስማ።

— ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ! ያንን ሬዲዮም አጥፉት!... እየሄደ ነው። ከበሮው እየቀረበ ነው... እናቱ ናት፣ "ሙሽራው መጣ" አለች... እልልታ ነው... አዝማሪው የአባቱን ስም እየጠራ ያወድሳል... "አቁሙ" አለ። ኑሁ ነው... አልሰሙትም። እንደገና አለ... ቆመ። ከበሮው ቆመ።

— እየተናገረ ነው። ቀስ ብሎ ነው፣ አይሰማኝም... ካንዴ፣ ጠጋ በይ፣ የአንቺ ጆሮ ይሻላል፣ ምን ይላል?... አዎ፣ እኔም ሰማሁ። አለው። ወላሂ አለው። እናቱ "ምን አልክ?" አለች... ደገመው። ጮክ ብሎ ደገመው።

— ምንም ድምፅ የለም... ተቋረጠ እንዴ?... አይ፣ አለ፣ ትንፋሹ አለ።

— ሳቁ... አንዱ ጀመረ፣ አሁን ሁሉም እየሳቁ ነው። ሴቶቹም... ወይኔ ኑሁ... አንዷ ምን አለች መሰላችሁ? "ለዚህ ነው ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይፈታት የቆየው!" ኸረ አፏን አላህ ይዝጋው! እዚያ ብሆን ጥርሷን ነበር የማራግፍላት!... አዝማሪው ጀመረ። ግጥም እያወጣለት ነው፣ ቢላው ዶልዱሟል እያለ... አልመለሰለትም። አንድ ቃል አልመለሰለትም። እየሄደ ነው። እናቱ ከኋላው እያለቀሰች "ለምን ለእኔ አልነገርከኝም" ትለዋለች... እየሄደ ነው... በር ተከፈተ...

— ሄሎ?... ማነው?... ሳሁራ! ልጄ! እሱ ነው ስልኩን የሰጠሽ?... የት ነሽ?... ጓሮ። ውሃው ላይ አስቀመጡሽ?... ገና ነሽ? ልብስሽንም አላወለቅሽም?... አልሃምዱሊላህ። አልሃምዱሊላህ። እንዳትጠጊው። ሰምተሻል ኑሁ ያለውን?... እስከ ጓሮ ተሰማ... አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። አታልቅሺ፣ ስታለቅሺ ሆድሽ ይጨናነቃል።

— አንቺ ግን... ሲስተር ነግራሽ አልነበር? ሦስት ወር ብላ በጣቷ አሳይታሽ አልነበር?... ታዲያ እያወቅሽ ልትገቢ ነበር?... ምን አልሽ?... "እሱ ጠብቆኝ እንዴት እምቢ እለዋለሁ"... አውቃለሁ ልጄ። ኧረ አውቃለሁ። ማንም አይቆጣሽም፣ እኔም አልቆጣሽም።

— አሁን ስሚኝ፣ መስመሩ ሳይሄድ። ዛሬ እዚያው እናቱ ጋ ትተኛለሽ ወይም ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ፣ ክፍሉ ግን አትገቢም። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። እንስራ እንዳትሸከሚ፣ ሙቀጫ እንዳትይዢ፣ ሰነፈች ቢሉሽ ይበሉሽ። ውሃ በብዛት ጠጪ። ሦስት ወሩ ሲሞላ ወደዚህ ትመጫለሽ፣ ያዩሻል፣ "ግቢ" ሲሉሽ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ሊያምሽ ይችላል፣ ሥጋው አዲስ ነው፣ ብታምሚ ንገሪው፣ እሱ አሁን ይሰማሻል። ደግሞ አላህ ልጅ ቢሰጥሽ እዚያ ምጥ እንዳትቀመጪ፤ ሆድሽ ሲገፋ ወደዚህ ነው፣ በቀዶ ጥገና ነው የምትወልጂው... እሺ በይኝ... ጎሽ።

— ምን?... ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ አልሰማሁሽም... "የእኔስ ይይዛል ወይ?"

— አላውቅም ልጄ። ብዋሽልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን አላውቅም። ዶክተሩም አያውቅም። ብዙዎቹን ይይዝላቸዋል። እኔን አልያዘልኝም... አዎ፣ እኔን። እሱ ይነግርሻል... አሁን በእጅሽ ልብስሽን ዳስሺው እስቲ። ከስር... ደረቅ ነው?... በደንብ ዳስሺው... ደረቅ ነው። በቃ እንግዲህ፣ ዛሬ ደረቅ ነሽ።

— ሄሎ?... ሳሁራ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ኑሁን ወደ ገበያ ብቻውን እንዳትለቂው፣ ነገ... ሄሎ?

— ተቋረጠ። ባትሪው አለቀበት መሰለኝ።

— ምን ታዩኛላችሁ ሁላችሁም?... አዎ ሰምታችኋል። የሰማችሁትን ሰምታችኋል... ካንዴ፣ ወዴት ነው? ነጠላሽን የት ልትሄጂ ታጥፊያለሽ?... ተቀመጪ። የእኔ ሌላ ነው፣ የአንቺ ሌላ። አንቺ ነገ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ደግሞ እጅሽን ይዤ እስከ በሩ እሸኝሻለሁ። ተቀመጪ አልኩሽ... እንደሱ። በይ አሁን ከዚያ ከመስኮቱ ላይ አንድ ደረቅ ጨርቅ አቀብዪኝ፣ ልቀይር።